ሶፍትዌሩ ስም ያልሰጠው ቀለበት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «በ106 ሚሊሜትር የሌንስ ቴሌስኮፕ፣ በ530 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት፣ ክሬሰንት ኔቡላ የተባለውን የጋዝ ደመና አካባቢ ለ15 ሰዓት ያህል አነሳሁ። ካሜራዬ ባለ ቀለም ሙሉ ፍሬም ሲሆን ፒክስሉ 3.76 ማይክሮን ነው። የተጠቀምኩት ፊልተር ሃይድሮጂን አልፋንና ኦክስጅን 3ን፣ ማለትም የሃይድሮጂንን ቀይና የኦክስጅንን ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን፣ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ምስሎቹን ደራርቤ ሳበቃ ሁለት ያልጠበቅኳቸው ነገሮች ታዩኝ። አንዱ ከክሬሰንት ደቡብ ምሥራቅ ያለ፣ 180 ፒክስል የሚሰፋ ቀጭን ቀለበት ነው። ሌላው ሳድር ከተባለው ደማቅ ኮከብ በተቃራኒው የፍሬሙ ጥግ ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ክብ ደመና ነው። በምስሉ ላይ ስም የሚጽፈው ሶፍትዌር ክሬሰንትን ለይቶ ሲያበቃ ሁለቱን ዘሏቸዋል። አንዱ ጓደኛዬ ሁለቱም አዲስ ግኝት ናቸው ይላል፤ ሌላው ሁለቱም የሌንስ ነጸብራቅ ናቸው ባይ ነው። ማንን ልመን?»

ምላሽ፦

መልሱን አስቀድሜ ወደ ምክንያቱ ልግባ። ቀለበቱ እውነተኛ የሰማይ አካል ነው። የሳሙና አረፋ ኔቡላ ይባላል፤ የካታሎግ ስሙ ፒኤን ጂ75.5+1.7 ነው። አዲስ ግን አይደለም፤ ከታወቀ ቆይቷል። ክቡ ደመና ደግሞ እንደ እኔ ግምት ሰማይ ላይ የለም፤ የሳድር ብርሃን ቴሌስኮፕዎ ውስጥ ተንጸባርቆ የፈጠረው ነው። በቀለበቱ ላይ ጥርጥር የለኝም። ደመናውን በተመለከተ ግን የእኔን ግምት ይዘው እንዲቀመጡ አልፈልግም፤ በአንድ ምሽት ራስዎ ሊያረጋግጡት የሚችሉበት መንገድ አለና ከታች አስረዳለሁ።

ቀለበቱን የለየሁት በመልኩ አይደለም። ሰማይ ላይ ክብና ቀጭን የሆነ ነገር ብዙ ነው። እርስዎ የሰጡኝ ሁለት መረጃዎች፣ ቦታውና ስፋቱ፣ በቂ ነበሩ። ስፋቱን ከፒክስል ወደ ሰማይ መለኪያ ለመቀየር የፒክስሉን መጠን በማይክሮን ወስደው በ206.265 ያባዙ፤ የተገኘውን በሚሊሜትር ለተለካው የትኩረት ርዝመት ያካፍሉ። በእርስዎ መሣሪያ 3.76 በ206.265 ተባዝቶ ለ530 ሲካፈል 1.46 ይመጣል። እያንዳንዱ ፒክስል 1.46 የማዕዘን ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600 ነው) ይሸፍናል ማለት ነው። ስለዚህ 180 ፒክስል ወደ 263 ሰከንድ ይሆናል። የሳሙና አረፋው ተለክቶ የተመዘገበው ስፋት 260 ሰከንድ ነው። ቦታውም ከክሬሰንት መሃል በደቡብ ምሥራቅ ሦስት አራተኛ ዲግሪ ገደማ ርቆ ነው፤ እርስዎ ያሉትም ይህንኑ ነው። ቦታና ስፋት እንዲህ ከገጠሙ ስለ ቀለም መከራከር አያስፈልግም።

በዚህ ነገር ላይ ጠበቅ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ማይታወቅ አካል የሚነሱ ክርክሮች አብዛኞቹ በመልክ ይጀመሩና በመልክ ያልቃሉ። «ጋላክሲ ይመስላል»፣ «ኮሜት ይመስላል» እየተባባሉ ሰዎች ይደክማሉ፤ የአካሉን መጋጠሚያ ነጥብ፣ ማለትም የሰማይ አድራሻውን፣ የጻፈ ግን አንድም አይገኝም። የፈረንሳዩ አስትሮኖመር ሻርል ሜሲየ ራሱ ታዋቂውን የሰማይ አካላት ዝርዝሩን የጀመረው በ1758 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሜት ሲከታተል፣ ኮሜት የሚመስል ግን ከቦታው የማይነቃነቅ ደብዛዛ ነገር አግኝቶ ነው። ያ አካል ዛሬ ኤም 1፣ ማለትም የክራብ ኔቡላ ነው። ኮሜት አለመሆኑን የለየው በመልኩ ሳይሆን በየምሽቱ ቦታውን እየመዘገበ ነው።

አሁን ቀለበቱን ምስሉን አጉልተው ቀረብ ብለው ይዩት። ዳር ዳሩ ከመሃሉ ይደምቃል። ይህ የሚሆነው አካሉ ባዶ ቅርፊት፣ ማለትም በሁሉም አቅጣጫ የተነፋ የጋዝ ሽፋን ስለሆነ ነው። መሃሉን ስናይ ዓይናችን ሽፋኑን በቀጥታ ይበሳል፤ ዳሩን ስናይ ግን በሽፋኑ ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ስለሚያልፍ ብዙ ጋዝ ይደራረብልናል። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ዕድሜው ሲያበቃ የውጭ ንብርብሩን እየገፈፈ ይጥላል፤ የቀረው ትኩስ እምብርት በአልትራቫዮሌት ጨረሩ የተጣለውን ጋዝ ያበራዋል። ይህ ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚባለው ነው። በአስትሮኖሚ ሚዛን ዕድሜው አጭር ነው፤ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ጋዙ ተበትኖ ይጠፋል። የእርስዎ ቀለበት እጅግ ደብዛዛ ነው፤ 15 ሰዓት ማንሳትዎ ነው ያወጣው።

ጎረቤቱ ክሬሰንትም አረፋ ነው፤ አፈጣጠሩ ግን ሌላ ነው። በመሃሉ ዎልፍ ራዬ 136 የተባለ ግዙፍ ኮከብ አለ፤ ከዚህ ኮከብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ቀደም ሲል ራሱ የጣለውን ጋዝ እየገፋ ያጠራቅመዋል። ሁለቱ አረፋዎች በአንድ ፍሬም ጎን ለጎን መታየታቸው ለእኔ ከሲግነስ ህብረ ከዋክብት ውድ ስጦታዎች አንዱ ነው። ምስሉ ላይ ጎረቤት ስለሆኑ ብቻ ግን በርቀትም ጎረቤት ናቸው ማለት አይደለም።

ሶፍትዌሩ ለምን ዘለለው? ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የተጫኑለትን ካታሎጎች ብቻ ነው። ከነሱ ዋናው ኤንጂሲ ነው። አስትሮኖመሩ ድራየር በ1888 ያወጣው ይህ ካታሎግ 7840 አካላትን ሲይዝ አብዛኞቹ በዓይን፣ በቴሌስኮፕ እየታዩ የተመዘገቡ ናቸው። በሃይድሮጂን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚታይ ደብዛዛ ደመና እዚያ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነበር። ሻርፕለስ በ1959 በካሊፎርኒያው የፓሎማር ምልከታ ጣቢያ የፎቶ ሰሌዳዎች ላይ 313 የሃይድሮጂን ደመናዎችን ዘረዘረ፤ ኤቤል በ1966 ከተመሳሳይ ሰሌዳዎች 86 ደብዛዛ ፕላኔታዊ ኔቡላዎችን አወጣ። የሳሙና አረፋው በሦስቱም ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የተገኘው በ2008 ነውና። ዴቭ ጁራሴቪች የተባለ አማተር አስትሮኖመር ልክ እንደ እርስዎ የክሬሰንትን አካባቢ በ160 ሚሊሜትር የሌንስ ቴሌስኮፕ ሲያነሳ ነው ያየው፤ ቀኑም ሐምሌ 6 ቀን 2008 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። ዓመት ቀደም ብሎ ባነሳው ምስል ላይም ነበረ። ከቀናት በኋላ ኪት ኳትሮኪና ሜል ሄልም የተባሉ ሌሎች ሁለት አማተሮች በራሳቸው መንገድ ደረሱበት። ስሙ ውስጥ ያሉት ቁጥሮችም ቦታው ናቸው፤ በጋላክሲያችን መጋጠሚያ 75.5 ዲግሪ ኬንትሮስ፣ 1.7 ዲግሪ ኬክሮስ።

ከዚህ የምወስደው ነገር ለጓደኛዎ መልስ ይሆናል። የሶፍትዌር ዝምታ የዝርዝሩ ማለቂያ እንጂ የሰማይ እውቀት ማለቂያ አይደለም። ስለዚህ ስም ያልተጻፈበት ነገር ሲያዩ መጀመሪያ ምስሉን ለአስትሮሜትሪ ፕሮግራም ይስጡና የከዋክብቱን አቀማመጥ አንብቦ የአካሉን መጋጠሚያ እንዲያወጣልዎ ያድርጉ። ከዚያ በስትራስቡርግ የአስትሮኖሚ መረጃ ማዕከል የሚዘጋጀውን አላዲን የተባለ የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ይክፈቱ፤ መጋጠሚያውን አስገብተው የፓሎማርን ሰሌዳዎች፣ ፓን ስታርስ የተባለውን የሰማይ ቅኝት ምስሎችና ዋይዝ የተባለውን ሳተላይት የኢንፍራሬድ ምስሎች በተራ ይደርቡበት። በዚያው ማዕከል ያለውን ሲምባድ የተባለ የመረጃ ቋትም በመጋጠሚያው ይጠይቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ፦ የፍለጋውን ራዲየስ 2 የማዕዘን ደቂቃ (አንዱ የዲግሪ 1/60 ነው) ብቻ ያደርጉትና «ምንም የለም» ይላሉ። ትልልቅ ደመናዎች የሚመዘገቡት በመሃላቸው ነጥብ ነው። እርስዎ ያነሱት የአንድ ደመና ጠርዝ ከሆነ መሃሉ ግማሽ ዲግሪ ርቆ ሊገኝ ይችላል። ራዲየሱን ሰፋ ያድርጉት፤ አንድ አካል ብዙ ስም እንዳለውም አይርሱ። ክሬሰንት ራሱ ኤንጂሲ 6888፣ ሻርፕለስ 2-105 እና ካልድዌል 27 ነው።

ወደ ክቡ ደመና እንምጣ። ይህ ከቀለበቱ ይልቅ የሚያስተምር ነው።

ነጸብራቅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አማተሮች ሁለቱን እየቀላቀሉ ይሳሳታሉ። የመጀመሪያው ከጠፍጣፋ መስታወት፣ ማለትም ከፊልተሩ ወይም ከካሜራው መስኮት የሚመጣ ነው። ብርሃኑ ከሴንሰሩ ተመልሶ መስታወቱን ይመታና እንደገና ይወርዳል፤ በደማቁ ኮከብ ዙሪያ ክብ ጭጋግ ይሠራል። የዚህ ጭጋግ ስፋት ምንጩን ይናገራል፦ በሴንሰሩ ላይ ያለውን ስፋቱን በሚሊሜትር ይለኩ፣ በቴሌስኮፑ የኤፍ ቁጥር (የትኩረት ርዝመቱ ለሌንሱ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው) ያባዙ፣ ለ2 ያካፍሉ። የሚያገኙት በሁለቱ አንጸባራቂ ገጾች መካከል ያለውን ርቀት ነው። የእርስዎ ቴሌስኮፕ ኤፍ/5 ስለሆነ 400 ፒክስል የሚሰፋ ጭጋግ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ርቀቱም 3.76 ሚሊሜትር ይሆናል። ከሴንሰሩ በዚያ ርቀት ላይ ያለው መስታወት የቱ እንደሆነ የካሜራው ንድፍ ይነግርዎታል።

ሁለተኛው ዓይነት ከጎባጣ ገጽ፣ ማለትም ከሌንስ የሚመጣ ነው። ይህ በኮከቡ ዙሪያ አይቀመጥም፤ የፍሬሙን መሃል አቋርጦ ተቃራኒው ጎን ላይ ይወጣል። እርስዎ «ከሳድር በተቃራኒው ጥግ» ያሉኝ ቃል ነው ወዲያው ያስጠረጠረኝ። ከሳድር ተነስተው በፍሬሙ መሃል የሚያልፍ ቀጥተኛ መስመር ያስምሩ፤ ደመናው መስመሩ ላይ ካረፈ ጥርጣሬው ይበረታል። ቀለሙም የራሱን ይጨምራል። በቀለም ካሜራ 656.3 ናኖሜትር ያለው የሃይድሮጂን ብርሃን ቀይ ፒክስሎች ላይ፣ 500.7 ናኖሜትር ያለው የኦክስጅን ብርሃን አረንጓዴና ሰማያዊ ፒክስሎች ላይ ያርፋል። የመስታወት ሽፋን ለሁሉም የሞገድ ርዝመት እኩል ስለማይሠራ ነጸብራቅ በአንዱ ቀለም በርትቶ በሌላው ይደክማል። ቀለም ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በኦክስጅን ብቻ የሚታዩ እውነተኛ ኔቡላዎች አሉ።

አሁን ፈተናው። ብዙ ሰው «ቴሌስኮፑ ሜሪድያንን (ሰማዩን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚከፍለውን መስመር) ተሻግሮ ሲገለበጥ ነጸብራቁ ቦታ ይቀይራል» ይላል። ለአቧራና ለሴንሰር እንከን ይህ እውነት ነው። ለሌንስ ነጸብራቅ ግን አይበቃም፤ ከግልበጣው በኋላ ፍሬሙን በዚያው የሰማይ ነጥብ ላይ መልሰው ካስተካከሉ ኮከቡም ነጸብራቁም አብረው ስለሚዞሩ ደመናው ከከዋክብቱ አንጻር እዚያው ሊቀር ይችላል። የተሻለው መንገድ ፍሬሙን ማንሸራተት ነው። ቴሌስኮፑን 10 የማዕዘን ደቂቃ ወደ አንድ ጎን ያዙሩና እንደገና ያንሱ። እውነተኛ ኔቡላ በከዋክብቱ መካከል ካለበት ንቅንቅ አይልም። በተቃራኒው ጎን የወጣ ነጸብራቅ ግን ከከዋክብቱ አንጻር ከ10 የማዕዘን ደቂቃ በላይ ይጓዛል፤ እርስዎ ካንቀሳቀሱት የበለጠ ማለት ነው።

ሌላ 15 ሰዓት ማውጣት ካልፈለጉ ደግሞ የምወደውን አቋራጭ ልንገርዎ። ፍሬሙን ወደ ቬጋ ያዙሩና ቬጋን ሳድር የነበረበት ፒክስል ላይ ያስቀምጧት። ሳድር የብሩህነት መጠኑ 2.2 ነው፣ ቬጋ 0 ገደማ ናት፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል፤ ስለዚህ ከሳድር 7 እጥፍ ያህል ትደምቃለች፤ ነጸብራቋም በዚያው ልክ። ደብዛዛ ነገርን ከሰማዩ ጀርባ ለይቶ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጊዜ በብሩህነቱ ካሬ ስለሚቀንስ 15 ሰዓት የጠየቀው ነገር በሩብ ሰዓት ገደማ መታየት ይጀምራል። ፊልተሩንና የካሜራውን አቀማመጥ አይንኩ። ያው ክብ ደመና ያው ፒክስል ላይ ከወጣ ክርክሩ አበቃ። ካልወጣ ግን እኔ ተሳስቻለሁና መጋጠሚያውን ይላኩልኝ፤ የሳድር ሰፈር በሃይድሮጂን ደመና የተሞላ ስለሆነ እውነተኛ ነገር የመሆን ዕድሉን ከወዲሁ አልዘጋውም።

ከሁለቱም በፊት ግን በእጅዎ ባለው መረጃ የሚሠራ ነገር አለ። ምስሎችዎን በተነሱበት ምሽት ለሁለት ይክፈሏቸውና ግማሾቹን ለብቻ፣ ግማሾቹን ለብቻ ይደራርቡ። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ የሚታይ ነገር ሳተላይት፣ ጭጋግ ወይም በአንድ ምሽት ያለፈ አስትሮይድ ሊሆን ይችላል። በዋናው ቀበቶ ያለ አስትሮይድ በሰዓት 30 የማዕዘን ሰከንድ ገደማ ስለሚጓዝ በእርስዎ ሴንሰር ላይ በሰዓት 20 ፒክስል ይሻገራል። ይህንን ፍተሻ የምስል ጩኸት ማጥፊያና የኮከብ ማስወገጃ ፕሮግራሞችን ከመንካትዎ በፊት ያድርጉት። እነዚህ ፕሮግራሞች ከደማቅ ኮከብ ስር የተረፈውን ጭጋግ ኔቡላ የሚመስል ቅርጽ ሰጥተው ይተዉታል፤ ጩኸትንም ወደ ቃጫ ይለውጡታል። በእነሱ ካለፈ ምስል ላይ ተነስቶ የተጀመረን የግኝት ክርክር ለማየት ጊዜዬን አልሰጥም።

የሁለተኛው ጓደኛዎ ጥርጣሬ ጤናማ ነው፤ ነገር ግን ጥርጣሬም ልኬት ይፈልጋል። «በድሮ ምስል ላይ ከሌለ ሐሰት ነው» የሚል አባባል ትልቅ ግኝት ሊያስጥል ይችላል። በጥር 2004 ጄይ ማክኒል የተባለ አሜሪካዊ አማተር በ3 ኢንች ቴሌስኮፕ ኤም 78 የተባለውን ኔቡላ ሲያነሳ በካታሎግም በፓሎማር ሰሌዳም ላይ የሌለ ብሩህ ደመና አገኘ። እውነት ነበር። ቪ1647 ኦራዮኒስ የተባለ ገና በመፈጠር ላይ ያለ ኮከብ ድንገት ደምቆ በዙሪያው ያለውን አቧራ አብርቶት ነው። ኋላ ሲፈለግ በ1966 በተነሳ ፎቶ ላይም ተገኝቷል፤ ማለትም አካሉ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይበራል።

እርስዎ በያዙት ቴሌስኮፕ መጠን የተሠራ ሌላም አለ። በ2022 ያን ሳንቲ አንድሮሜዳ ጋላክሲን በ106 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ በኦክስጅን ፊልተር ሲያነሳ፣ ማርሴል ድሬክስለርና ዛቪዬ ስትሮትነር ከሱ ጋር ሆነው በጋላክሲው አጠገብ 1.5 ዲግሪ የሚረዝም ሰማያዊ ቅስት አገኙ። አንድሮሜዳ በሰማይ ላይ እጅግ ከተነሱ አካላት አንዷ ናት። በዚያ ላይ ደማቅ ጋላክሲ አጠገብ በአንድ ፊልተር ብቻ የሚታይ ሰፊ ጭጋግ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነጸብራቅ ነው። እነሱም ይህንኑ ጠረጠሩ። ቅስቱ እውነተኛ መሆኑን ያሳመነው በሌሎች ቦታዎች፣ በሌሎች ቴሌስኮፖችና ፊልተሮች ሲነሳ እዚያው ቦታ መገኘቱ ነው። በ2023 ታተመ፤ ስሙም የሦስቱን መጠሪያ ይዟል። ምንነቱ ግን ገና እያከራከረ ነው፤ ኢጂ አንድሮሜዳ ከተባለ ጥንድ ኮከብ ጋር የሚያያይዘው ሐሳብ ከቀረቡት አንዱ ነው። ለምን ቀድሞ አልታየም ቢሉ፣ ትልልቅ ቴሌስኮፖች የሚያዩት የሰማይ ቁራጭ ጠባብ ነው፤ በኦክስጅን ብርሃን ሰፊ ሰማይን ለረጅም ሰዓት የሚያነሳም እምብዛም አልነበረም። እንደ እርስዎ ያለ አጭር ቴሌስኮፕ የያዘ ሰው ለሳይንስ የሚያዋጣው ይህንን ነው፤ ሰፊ ሰማይና ብዙ ሰዓት።

ስለዚህ ወደፊት ሦስተኛ ነገር ካገኙ፣ ከፈተናዎቹም ሁሉ ካለፈ፣ ሌላ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ያንኑ መጋጠሚያ እንዲያነሳ ይጠይቁ፤ ቅርጹን ግን አስቀድመው አያሳዩት፤ ያየውን ራሱ ይንገርዎ። የሚንቀሳቀስ ነገር ከሆነ ወደ ማይነር ፕላኔት ሴንተር፣ ድንገት የበራ ነጥብ ከሆነ ወደ ትራንዚየንት ኔም ሰርቨር ይሂዱ። ፕላኔታዊ ኔቡላ ከመሰለዎ በሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን ሃሽ የተባለ የመረጃ ቋት አስቀድመው ይመልከቱ፤ ዕጩ ሆነው የተመዘገቡ ብዙ አካላት እዚያ አሉ። ሲጽፉም መጋጠሚያውን፣ ስፋቱን፣ የፊልተሩን የሞገድ ርዝመት፣ የየምሽቱን ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም ብሩህነቱ ያልተሳበና ጩኸቱ ያልጠፋ ፊትስ የተባለውን ጥሬ የአስትሮኖሚ ምስል ፋይል አብረው ይላኩ። ያማረውን ጄፔግ ለጓደኞችዎ ያስቀምጡት።